ምንጭ፦ ያልታወቀ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ስፓርንዳም።
ዝናብ አይሉት ጤዛ፤ ከቦዩ ዳር ቆመን ዐሥራ አንዳችን፣
የተዋስነው ቦቲ ጫማ እየሰፋ በእግራችን።
መምህርታችን ፍሬደሪካ አደለችን ምላጭና ቅጽ፤
"የሐሩር ደን ፈልጉ" አለች፣ "ከዚሁ ከመንደሩ ገጽ።"

ሳቅን።
ከላም ግጦሽና ከጡብ ቤት ሌላ ምን ይታያል ባገር?
ደን ቢሉ ምን ደን አለ፣ በረድፍ ከቆመ ዛፍ በቀር!

እሷ ግን ጣቷን ዘረጋች ወደ ውሃው መዝጊያ በር፤
ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ፣
አርባ ዓመት የቆመ በር፣ የወንዙን ክብደት አዝሎ።
"አዞቤ ይባላል" ስትል፣ እኔ ጆሮ የገባው አዞ፤
እውነትም አድብቶ ተኝቷል፣ ግማሽ አካሉን ውሃ ይዞ።

ተንበርክኬ ከጫፉ ላይ ስስ ልጣጭ ልልጥ ሞከርሁ፤
እንጨት ነው ብዬ ብጀምር ብረት ሆነብኝ፣ ሁለት ምላጭ ሰበርሁ።
በሦስተኛው ጥቂት ተገለጠ፦
ከማጉያው ሥር ቀይ ሥጋ፣ ነጭ ጤፍ የተነሰነሰበት፣
ልክ ትናንት እንደ ተቆረጠ።

ሊስቤት በሜትር ለካች፤ እኔ ሳንቃ ቆጠርሁ፣ ሰማንያ አራት።
ከሳንቃ ወደ ግንድ፣ ከግንድ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ መሬት ስፋት
ስናባዛው፣ ለዚች በር ዛፍ የተለቀመበት ጫካ
ከመንደሩ ይሰፋል ለካ።
ደግመን አሰላን። ያው ነው።

በር ጠባቂው ኸርበን መጣ፣ ዳቦ በአይቡን እየገመጠ።
"በወጣትነቴ ነው የገባ" አለ፤ "ትል እንኳ አልደፈረው።"
ሳንቃውን ቸብ ቸብ አደረገ፣ እንደ ለመደ ፈረስ አንገት።
ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እጁን ሳይ አጣሁ አንጀት።

ኤሶምባ እስካሁን ዝም ነው። ከክሪቢ ወዲያ ነው አገሩ፣ ካሜሩን።
ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ከሳንቃው ላይ አሳረፈ፤
"ቦንጎሲ" አለ። በቤት ስሙ ጠራው።
"መጀመሪያ መንገድ መጣ፣ ለዚህ ዛፍ ሲባል የተቀደደ፤
በመንገዱ ሌላው ሁሉ፣ መጋዙ፣ አዳኙ፣ የዘይት ዘንባባው ነጎደ።
ግንዱን ወደብ የምታወርድ የአጎቴ መኪና ነበረች።
የትምህርት ቤት ክፍያዬ፣ ጫማዬ፣ ይኸ ምላጭ የያዘ እጄ፣
ከዚህ በር ነው የተፈለጠ። ታዲያ በማን ልፍረድ፣ ወዳጄ?"

እኔም ማሻን አሰብሁ። ቀፎ የሚሰቀልበት ቀረሮ
ለሻይ እርሻ ሲመነጠር፣ አባቴም በቀን ሒሳብ አብሮ
መጥረቢያ ይዞ ውሏል።
ለዚህ ትምህርት ስወዳደር "የደን ጠባቂ ልጅ ነኝ" ብዬ ነበር የጻፍሁት።

ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን ቀረ፦ ምንጭ።
የኸርበን አሮጌ መዝገብ "ያልታወቀ" ይላል፣ በሰማያዊ ቀለም።
ምንጭ በእኛ ቋንቋ ውሃም ነው፤ እዚህ ውሃው ሞልቶ ምንጩ የለም።
ኤሶምባ እርሳሴን ተቀበለኝ፣ ቃሏን ሰረዘና
የአጎቱን መንደር ስም ጻፈ።
"እርግጠኛ ነህ?" አለች ሊስቤት።
"አይደለሁም። ግን ከሰው ደጅ ነው የመጣ፤ ስም ይኑረውና።"

"ከውሃ በታች ያለው ገና ጤነኛ ነው" አለ ኸርበን፤ "ሲነቀል ገልብጡት፤
የላዩን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ሌላ አርባ ዓመት አሠሩት።"
ማታ በጋራ ወጥ ቤታችን፣ የምስር ሾርባው ሲገነፍል፣
ለውሃ አስተዳደሩ ጻፍን፣ በሊስቤት ደች፣ በእኔ ቁጥር፤
ኤሶምባ በፈረንሳይኛ ገለበጠው፣ ለአጎቱ መንደር ማኅበር።
ያለው እንጨት ይታደስ፤ አዲስ ዛፍ የግድ ከሆነም
ስሙን ይዞ ይምጣ፣ "እምቢ" ማለት ከሚችል መንደር።
ቀድሞ የፈረመ ኸርበን ነው፤ የቅቤ ጣቱ አሻራ አለበት።
መልስ የለም እስካሁን።

ለአባቴ ደወልሁለት። "ምን ተማርህ?" አለኝ።
"የአንድ በር ሳንቃ ቆጠርሁ።"
"ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርህ?" ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።
ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣
"ሳንቃው ከየት ነው የመጣ?" አለ።