ቢገጥሙ ኖሮ

ደሴ፣ ፒያሳ ግርጌ፣ ከጦሳ ጥላ ሥር፣
በእንድሪስ ፀጉር ቤት ሲጋጋል ክርክር፣
ምላጩ ይቆማል በአንድ ሰው ጉንጭ ላይ፤
አረፋው ይደርቃል፦ «ማን ነው የበላይ?»

«ሙሄ ዳምጠው ነዋ!» ይላል ሹፌር ሸጋው፣
«በኮምቦልቻ ሜዳ ስንቱን የዘረጋው!
ቀን የጥጡን እስር ሲሸከም ይውልና፣
ማታ ጓንት ያጠልቃል ሽሮ ይልስና።
ጓንቱስ ጓንት ነበር? ጭድ የታጨቀበት፣
ሁለቱም የግራ፣ ቀኝ የሌለበት!»

ጎረምሳው ይነሣል፣ ስልኩን ያወጣና፣
«ቃልአብን እዩት» ይላል፣ «ቪዲዮ አለና።
የእናንተ ሙሄ እኮ በጆሮ የሚታይ ነው፤
የኛ ግን ይኸውና፣ መልሰን የምናየው።
መቶ አራት ኪሎ ነው፣ እግሩ ግን የድመት፤
እንቁላል ነው ቁርሱ፣ እንቅልፉ በሰዓት።
ሲመታ አይታይም፤ ሲወድቅ ነው ያኛው
መመታቱን እንኳን የሚያውቀው ዳኛው።
ሙሄን በሁለት ዙር አጣጥፎ ያስተኛዋል!»
«ማንን? ሙሄን? አንተ፣ አላህ ይይልሃል!»

እንድሪስ ዝም ብሎ ምላጩን ይስላል።
ከመስታወቱ በላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፦
ባሻ ጎበዜ ነው፣ የጃንሆይ ዘመን ሰው፣
ቁምጣው እንብርቱን አልፎ ደረቱን ሊያለብሰው።
በሱ ላይ የሚነሣ አንድም የለ ክርክር፤
ያዩት በሙሉ ወርደዋል መቃብር።

እኔ ጥጉ ወንበር ላይ ጋዜጣ ይዤ አለሁ።
አርባ ዓመት ገደማ ሰዓት ጠብቄያለሁ።
ደወሉን የመታሁ፤ ደወል ከተባለ፣
የኤንትሬ ቸርኬ ነው፣ ከሐረጎ ገደል የተንከባለለ።
በሱ ነው ሙሄን ያስነሣሁት ከጥጉ፣
በሱው ነው ቃልአብም የገባ ወግ ማዕረጉ።

«ሁለቱንም ያየህ አንተ ነህ፣ ፍረዳ!»
ይሉኛል። የቱን አውርቼ የቱን ልጎዳ?

ሰባ ሰባትን ልንገር? ያንን ክፉ ዓመት?
ከባድ ሚዛን የሚሉት ሰው የጠፋበት፣
ወሎ በሙሉ ቀልሎ፣
ሰዉ እንደ እብቅ፣ ነፋስ የሚወስደው መስሎ።
ሙሄ ሊመዘን መጣ፣ ሰኞ ገበያ፣ በእህል ሚዛን፤
እህሉ የለም፣ ሚዛኑ ብቻ ነው የቀረን።
ኮቱን አላወለቀም። ኪሱ ውስጥ አየሁ፦
ከጋራዥ ያመጣው ብሎን። ዝም አልሁ።
ኪሎው እንዳይጎድል፣ እንዳይወርድ ከስሙ፣
በባዶ ሆዱ ላይ ብረት መሸከሙ!
ይህን የትኛው ስልክ ቀርጾታል?

ቃልአብስ? ለሱም ቀላል ነው አትበሉ።
አምና፣ ጥጉ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ
ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እናቱ
እንኳ አላየችም። ጎንበስ አለ ወደ እኔ፦
«ጋሼ፣ ስንት ቀረ?» አለኝ። ያኔ፣
ሙሄም ያን ዕለት፣ ብሎኑን አራግፎ፣
«ስንት ቀረ?» ብሎኛል፣ ገመዱን ተደግፎ።

ይህን ልናገር ስል በሩ ተከፈተ።
ሙሄ ነው፣ ለጢሙ፣ እንደ ወትሮው ሰኞ፤
ከዘራው ቀድሞት ገባ።
በሩን የያዘለት፣ ከኋላው፣ ቃልአብ ነው።
ክርክሩ በአንድ ጊዜ ውሃ ተደፋበት።

ሽማግሌው ቆመ። የጫማው ክር ተፈትቷል።
ጎንበስ ሊል ሞከረ፤ ወገቡ እምቢ ብሎታል።
ያ በማንም ቡጢ ጉልበቱ ያልታጠፈ
ዝቅ አለ፤ ጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ አረፈ።
እኔም፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ በጣቴ
የወንበሩን እጀታ እየመታሁ
አንድ... ሁለት... ሦስት... ቆጠርሁ።
ሰባት ላይ ቋጠሮው ጠበቀ። ቃልአብ ተነሣ።

ሸጋውና ጎረምሳው ወደ እኔ ዞሩ፤
«ማን...» ሊሉ ነበር መሰለኝ፤
ግማሽ ጢሙ ቀርቶ፣ አረፋ የደረቀበት
ያ ሰውዬ ቀደማቸው፦
«እንድሪስ፣ የኔስ፣ ስንት ቀረ?»