ቆጋን ጣና ብዬ

ስሜ ይታያል ነው፤ አባቴ ያወጣው፣
እኔ ስወለድ ነው ዓይኑ ብርሃን ያጣው።
ተስፋ ይሁን ሙግት አልጠየቅሁት ከቶ፤
እሱም አልነገረኝ፣ ሄደ አንቀላፍቶ።
ዛሬ ግን ልናገር፣ በመጋቢት ጧት
ስሜን በሬዲዮ የሸጥኩበትን ሰዓት።

ማለዳ ተነሣሁ ባንድ ሞተር ሴስና፣
ሁለት ካርቶን መነጽር ለዓይን ሕክምና፣
ጉልበቴ ላይ ካርታ፣ የአስተማሪዬ ቅርስ፣
እጥፋቱ የሳሳ እንደ አሮጌ ልብስ።
የዓባይን በረሃ አለፍኩት በሰላም፣
ጮቄም በቀኝ ነበር፤ ያኔ አልሳትኩም ምንም።
ከዚያ ወዲያ ጭጋግ። ማሳ ይቃጠላል፣
ሰማይና ምድሩ አንድ ቡልኮ ለብሷል።
በሰዓት ስሌቴ መድረሻዬ ሆኗል፤
ነፋሱ ግን ከፊት አፍንጫዬን ይዟል።
ይኸን አልደመርኩም። የቸኮለ ሰው
ሊያይ የፈለገውን ነው ቀድሞ የሚያየው።

እናም ውሃ አየሁ፤
ከጭጋጉ በታች ብልጭ ብሎ፣ ሰፍቶ፣
«ጣና!» አለ ልቤ፣ ሳይመረምር ረክቶ።

ማማው ላይ ያለችው አንጓች ትባላለች፣
ቃልን እንደ ነዳጅ ቆጥባ ትሰጣለች።
«ሐይቁ ይታያል?»
«ይታያል።»
«ደሴቱስ?»
ዛፍ የለበሰ ጉብታ ነበር፤ «ይታያል» አልኩ።
«ዓባይ የሚወጣበት፣ ድልድዩስ?»
አንዲት ክር ውሃ ወደ ጓሮ ትፈሳለች፤
«ይታያል፣ ይታያል።»
ስሜን ደጋግሜ ጠራሁ። አንዴም አላየሁም።

ከፍታዬን ቀነስኩ።
ከጭጋጉ በላይ ስልሳ ስምንት መንገደኛ
ቀበቶውን አስሮ ይወርዳል ወደ እኛ።
አንጓች «ጣና ላይ ነው» ብላ ቃሌን አምና
የመራዊን ሰማይ ልትሰጠው ነው ጎዳና።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ከዳርቻው ያረፈ፤
ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው፣ በማስመሪያ የተጻፈ።
ሐይቅ መች ያውቅና ቀጥ ያለ መስመር?
የሰው እጅ ሥራ ነው፣ የተደለደለ አፈር።
ደንገል የለ፣ ታንኳ የለ፣ ሞገድ የለበት፤
ቦይ ነው የሚወጣው፣ ማሳ ሊያጠጡበት።

ቆጋ! የመራዊ ግድብ።
ካርታዬ ላይ ያ ስፍራ የግጦሽ ሜዳ ነው፣ አረንጓዴ፤
ካርታው ሲታተም ግድቡ አልተወለደም።

ጉሮሮዬ ደረቀ። አንድ ቃል ነው የቀረኝ፣
ግን ከጭነቴ ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ።
ስንቱ አብራሪ ይሰማል በዚያው ሞገድ ላይ፤
«ይታያል ጠፋ» ብለው አይስቁብኝም ወይ?
ጭነት ስንመዝን እፍረትን አንመዝንም፤
ግን ክንፍ ይጎትታል፣ ያወርዳል እሱም።

«ባሕር ዳር ማማ፣ የነገርኩሽ ሁሉ ስሕተት ነው።
ያለሁት ቆጋ ላይ ነው። ጣናን አላየሁም።»

አንድ ትንፋሽ። ሁለት።

ከዚያ ድምጿ መጣ፣ እንደፊቱ ሰክኖ፣
ወቀሳው ለኋላ፣ ለመሬት ሆኖ፦
«መንገደኛው፣ ከፍታህን ጠብቅ፣ አትውረድ።
ይታያል፣ አንተም አትውጣ፣ ባለህበት ሂድ።
አስፋልቱን ፈልገው በግራ ክንፍህ ሥር፤
እሱን ይዘህ ና፣ ከመንገዱ አትሰወር።
ከእንግዲህ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ፤
ያላየኸውን ግን ከሁሉ ቀድመህ።»

ከላዬ ጉርምርምታ አለፈ፤ አላየሁትም።
ስልሳ ስምንት ሰው፤ አንዱም ስሜን አያውቅም።

ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊቴ ይጓዛል፣
ያለ ካርታ፣ ያለ ሬዲዮ፤ ቤቱን ያውቀዋል።
ተከተልኩት።
ከዚያ ጣና መጣ። ማዶ የለውም።
ይህን ከኩሬ ጋር ማን ያሳስተዋል?
እኔ።

ከማማው ወረደች፤ አጭር ናት፣ ሹራብ ደርባለች፣
ካርቶኑን አየችው፣ ክዳኑን አነሣች፣
«አንዱን ለራስህ አስቀር» ብላኝ ሄደች፣ ሳትስቅ።

ማታ ሪፖርት ጻፍኩ። «መንስኤ» በሚለው ሥር
ነፋስ፣ ጭጋግ፣ ካርታ ብዬ ሞላሁና
ሰረዝኩት። ያላየሁትን አየሁ አልኩ፣ ብዬ ጻፍኩ።
ከዚያ እርሳስ አወጣሁ። አረንጓዴው ሜዳ ላይ
አንድ ቀጥ ያለ መስመር፤
አጠገቡ፦ ቆጋ።