ወርቅ ያልነው ስም

አባቴ ከሱቁ፣ ከበሩ አናት ላይ
በወርቅ ቀለም ጽፎ፣ ከማዶ እንዲታይ፣
«ጎልድ እና ልጆቹ፤ ሰዓት ይጠገናል»
ብሎ ሰቅሎ ነበር። ዛሬም ይነበባል፤
ከመጨረሻው ፊደል ቀለሙ ተልጧል።

ኦታጎ ነው አገሩ፤ የወንዙን ዳር ቆፍሮ
ወርቅ ሊያጥብ የመጣ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣
ፊንሌይ ቅድመ አያቴ፣ ስኮትላንዱ ሰው፣
ወርቅስ አላገኘም፤ ወንዙ ዝቃጭ ሰጠው።
ስሙ ግን ወርቅ ነበር በእንግሊዝ አፍ ሲጠራ፤
እኛም በዚህች ቀረን፣ በዚህች ስንኮራ።
«ደሃ ብንሆን እንኳ የወርቅ ዘሮች ነን»
ይል ነበር አባቴ፣ በገና ሰብስቦን፣
በአንድ እጁ የሰው ሰዓት አንጠልጥሎ ይዞ፣
በአፉ ደግሞ ወሬ፣ ሰባት ቤት መዝዞ።

ስልሳ ሦስት ሲሞላኝ ሱቁን ለልጄ ሰጥቼ
ኤድንብራ ገባሁ፣ ዓለምን ዞሬ መጥቼ።
ከመዝገብ ቤቱ ጉልላት ሥር፣ ሁሉም አቀርቅሮ
ሙቱን ይፈልጋል፣ ገጹን አበጥሮ።
አንዲት ካናዳዊት እርሳሷን ታኝካለች፤
«ስምንት አርችባልድ አለኝ፣ የቱ ነው?» ትላለች።
ልማዱ ነውና፤ የበኵር ልጅ ሁሉ
ያያቱን ስም ወርሶ ይቀጥላል ውሉ፤
ሕፃን ቢሞት እንኳ፣ ለሚወለደው ልጅ
ስሙ ይወርድለታል፣ እንደ ሸሚዝ፣ ከእጅ እጅ።

እኔ ግን ቀናኝ፤ ፊንሌይ አንድ ብቻ ነበር።
ከእሱ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ ስሻገር
ስም እንደ ሳሙና እየሟሸሸ ሄደ፤
የመርከቡ ዝርዝር «ጎልድ» ብሎ ወሰደ፣
የቆጠራው መዝገብ «ጎውልድ» ብሎ ፈቀደ፣
የሠርጉ ወረቀት አንድ ፊደል ቀነሰ፣
ሌላ ጸሐፊ መጣ፣ ሌላ ጆሮ ደረሰ፤
የጥምቀቱ መጽሐፍ፣ ዳሩ የተበላ፣
«ላክላን ጋል» ይላል፤ የለም ፊደል ሌላ።
እናት፦ ማርሳሊ።
አባት፦
ባዶ።

ኡና የምትባል የመዝገብ ጠባቂ፣
በጌሊክ አፍ የፈታች፣ የደሴት ልጅ፣ አዋቂ፣
«አባት የጠፋ እንደሁ፣ ሸንጎ ሳይረዳ
አያልፍም» ብላ ጥራዝ አወጣች ከጓዳ።

ሺ ሰባት መቶ ዘጠና አራት፣ ወሩ ኅዳር፤
በኪልዳሮክ ደብር፣ ብርዱ እንደ ምሳር፣
ማርሳሊ ተጠራች፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር።
በንስሓ በርጩማ ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ እያያት፣
ሦስት እሑድ ተቀመጠች፤ ሦስት ጊዜ ጠየቋት፦
«ማነው?»
አልመለሰችም።
«ማነው?»
መሬት አየች።
በሦስተኛው እሑድ አንድ ቃል ተነፈሰች፦
«ጋል።»
ጸሐፊው ቆለኛ፣ ቋንቋዋን የማያውቅ፣
የሰው ስም መሰለው፤ ጻፈው ሳይጠይቅ።

«ምን ማለት ነው?» አልኋት።
ኡና መነጽሯን አወለቀች፤
«እንግዳ። ባዕድ። የማላውቀው ሰው» አለች።

ሰሙን ብፍቅ ብፍቅ ወርቅ አልወጣ ከሥሩ።
የማን ነበር ያ ሌሊት? የት ነበር በሩ?
የእርሻው ጌታ ይሆን፣ ላሞቹን ያለበችለት?
ወይስ መንገደኛ፣ ውሃ የለመናት?
አታውቀው ኖሮ ነው? ወይስ ሸሸገችው?
መዝገቡ አይልም። መዝገቡ የሚለው፦
ስድስት ሽልንግ ቅጣት።
ከፍላ ጨረሰች፣ በሁለት ዓመት።

ሰኞ በአውቶቡስ ወጣሁ፣ ደብሩን ላየው ብዬ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ ሰምቼ፣
አለት ለአለት ዞርኩ፣ በጉልበቴ ሄጄ፤
የድንጋይ ሽበት ግን ስሙን ሁሉ በልቷል፤
የማርሳሊ ድንጋይ ከነጭራሹ የለም፣ በግ ሣሩን ይግጣል።

ማታ ባረፍኩበት፣ አሮጊቷ ባለቤት
የእንግዳ መዝገብ ገልጣ፣ ዝናብ እየጮኸባት፣
«ስም?» አለች።
«ጎልድ።»
ግማሹን ብቻ ሰማች።
አየሁ፣ በእስክሪብቶዋ «ጋል» ብላ ስትጽፍ፤
እጄን ሰደድኩና መለስኩት ከአየር፣ ሳላርም፣ ሳልገድፍ።
«ለስንት ሌሊት?» አለች።
«ለአንድ» አልኋት።