ፈታኝ ሥራ

እሑድ ነው በኦፋኪም፤ የሥራ ቢሮው በር ሳይከፈት
ሰልፉ ዞሮ ደርሷል እስከ ዳቦ ቤት።
የክር ፋብሪካው ከፋሲካ ማግሥት ቁልፍ ገብቶበታል፣
ማሽኑ በጭነት መኪና ድንበር ተሻግሯል፤
ሰዉ ግን ቀርቷል።

እኔ መስኮት ሦስት ነኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ የለም።
ያለኝ አንድ ወንበር፣ ሁለት ማኅተም፦
ሰማያዊው ሲያርፍ «ይከፈለው» ይላል፣
ቀዩ «ሥራ እምቢ አለ»፤ የሁለት ወር ቀለብ ይቆረጣል።
ከኢየሩሳሌም በፋክስ የወረደው ትእዛዝ አንድ መስመር፦
«ዝርዝሩ በዝቷል፤ ይቀነስ ቁጥር።»
ሥራ ይጨመር አይልም።

አያ ሰጠኝ ገቡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣
አሥራ አንድ ዓመት ክር ባቀለመ ጣታቸው
ጠረጴዛዬን ዳሰሱ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው።
ባለፈው ሳምንት ሥራ ተልኮላቸው ነበር፦
ኤይላት፣ ሆቴል፣ ሰሃን ማጠብ፣ ሰንበትን ጨምሮ።

አለቃዬ አቡቴቡል ከኋላዬ ቆሞ በዕብራይስጥ ጠየቀ፤
እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ቃሉ አፌ ላይ እየደረቀ፦
«ሥራ ፈት ነዎት?»

ዝም አሉ። ማራገቢያው ሦስቴ ዞረ።
«ልጄ፣ ይሄ ቃል በአገራችን ስድብ ነበረ።
እኔ ሥራን አልፈታሁም፤ ንብረት አልተካፈልን፣ ሽማግሌ አልዳኘኝ፤
እሱ ነው በሌሊት የወጣው። ሥራ ነው የፈታኝ።
እንዲያ ብለሽ ጻፊ።»

ቅጹን ወረድኩበት፤ ምክንያቱ ከአንድ እስከ አሥራ ሰባት ተቆጥሯል፣
ለፍቺ ቁጥር አልወጣለትም።

«ተርጉሚ» አለኝ አቡቴቡል። ተረጎምኩ። ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።
በመስኮቱ ወደ ጥዱ ደን ፊቱን አዞረና ከረመ።
«ከስድስቱ ቀን ጦርነት በፊት፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣
መንግሥት አባቴን ድንጋይ ያስለቅመው ነበር፣
እስከ ቀትር ከዚህ ወደዚያ፣
ከቀትር በኋላ ከዚያ ወደዚህ።
የኋላ የኋላ ችግኝ ሰጡት። ያ ጥድ የእሱ ነው።»

እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ሰዓቱን አየ።
«ኤይላትን እምቢ ብለዋል አይደል? ቀዩን ምቺ፤
ቁጥሩን ሐሙስ ይጠይቁኛል።»

መታሁ። ፈዘዘ። ደግሜ መታሁ።
አያ ሰጠኝ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣
በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ነካ አደረጉት፦
«ይሄ ቀይ ይለቃል» አሉኝ።
«ጨው አላገባችሁበትም።»