ምን ሽቶ ነው?

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣
ማሪሰል ነርሷ ሚስቴን አስጎንብሳት፣
ጀርባዋን እንደ እርሻ በመስመር ከፋፍላ፣
በየትልሙ መሐል ቅንጣት ቅባት ጥላ፣
በነጭ ፕላስተር ሸፍና ስትጨርስ
«እስከ ዓርብ» አለችን «ውኃ እንዳይደርስ፤
ቀለሙ ከለቀቀ፣ መስመሩ ከላላ፣
ባልሽ ይድገምልሽ ማታ ማታ በሌላ።»

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር፣ መንገድ የማውቅ ሰው፣
የዊኒፔግን በረዶ በጎማ የማርሰው፣
ማታ ቤት ስገባ፣ ጓንቴን ሳወልቅ፣
ሌላ ካርታ ጠበቀኝ ካንገቷ ዝቅ፦
ሠላሳ ስድስት ቤት፣ በር የለው፣ መስኮት፣
ነዋሪው የማይታይ፣ ቁጥር ብቻ ያለበት።
የደበዘዘውን በማርከር ስከተል፣
እሷ ትራስ ነክሳ «ይኮረኩራል» ስትል፣
የሰባት ቁጥር አጥር ትንሽ ዘመም ሲል።

እከኩ የጀመራት ባለፈው ጥቅምት ነው፣
አንገቷን አቀላው፣ ጆሮዋን ሰነጠቀው።
«ብርዱ ነው» አልናት፤ «ማሞቂያው ነው» አልን፤
ከቶሮንቶ እህቷ «ዓይን ነው» አለችን።
እሷም ይለስልስ ብላ ቅባት ትቀባለች፣
ሲብሳት ጊዜ ደግሞ ትደርባለች፣
ስትደርብ ይብሳል፣
እሳት ቤንዚን ጠጥቶ የሚጠፋ ይመስል።

ዓርብ ዶክተር ፍሪዘን መነጽሩን አጥልቆ
ጀርባዋን አነበበ፣ ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ።
አብዛኛው ቤት ጨለማ፣ ጭር ያለ ሰፈሩ፤
ሁለት ቤት ግን በርቷል፣ ቀልቷል እስከ አጥሩ።
«ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ከላቬንደር የሚገኝ፣
ሊናሉል» አለና ዞር ብሎ አየኝ፤
አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ሊሞኒን መሆኑን፣
ከሎሚ ዘመዶች ልጣጭ መጨመቁን
ነገረን።

ትርንጎ ነው ስሟ፤ እናቷ ያወጣችላት
መዓዛዋ እንዲያውድ፣ ቤት እንዲሞላላት።
ለዶክተሩ ላስረዳ አሰብኩና ተውኩት፤
ስም ቆዳ ሲያሳክክ በምን ቋንቋ ልተርጉምለት?

ቤት ገብተን ጠርሙሱን ሁሉ ሰበሰብን፣
በስልክ መብራት ጀርባ ጀርባውን አነበብን።
ፊደሉ ቅጫም ያህላል።
ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ ሰም... ከሁሉ በታች አንድ ቃል፦
«ሽቶ»።
ምን ሽቶ? እሱን አይልም፣
መቶ ሰው ባንድ ስም አድሮ አንዱም አይታወቅም።
«ሽታ የለውም» የሚል ለይቼ ባቆም፣
ሚስቴ ከሥር አነበበች፦ ያም ከሽቶ አላመለጠም።
ሽታ አልባ ማለት ሽቶ አልባ አይደለም፤
ሽታን በሽቶ ነው የሚሸፍነው ዓለም።

ከመሳቢያው ጥግ፣ ከካልሲዎቿ ሥር፣
በሻርፕ ተጠቅልሎ አንድ ጠርሙስ ነበር።
የኔ ስጦታ ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት፣
የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ለት፣
ሻጯ በእጄ ጀርባ ጠብ አድርጋልኝ፣
«ትወደዋለች» ብላ የጠቀለለችልኝ።
«እስከ ዛሬ አላለቀም?»
«እንዳያልቅ ብዬ» አለች፤ «ለእሑድ እሑድ ብቻ፣
ትንሽ፣ በጣት ጫፍ፣ ከአንገቴ ዳርቻ።»

ለካ ዶክተሩ ያለው ይኼንን ኖሯል፦
ዘይቱ ትኩስ ሳለ እምብዛም ይምራል፤
ክዳኑ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣
አየር እየጠጣ ዓመት ሲያልፍ በዓመት፣
መዓዛው እንዳለ ጠባዩ ይለወጣል፣
ያን ጊዜ ነው አለ፣ ቆዳን የሚያስቆጣ ይሆናል።
ባንድ ክረምት ብትጨርሰው ባልነካት፤
ስትሳሳለት ኖራ ቆዳዋ ሳሳባት።

ጠርሙሱን ጨብጣ፣ ክዳኑን ሳትነካ፣
ብርሃን ላይ አዙራ፣ በዓይኗ እየለካች፦
«ምን ሽቶ ነው» አለች «ባሌ የገዛልኝ?»
«አንቺን ሽቶ» አልኩኝ።
«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሳትቀባኝ ሻኝ።»

መስመሩ ታጥቦ እስኪለቅ ስምንት ቀን ፈጀ።
አሁን ቫዝሊን ብቻ ነው፣ ሽታም ሽቶም የለው፣
መዳፌን አሙቄ ማታ የማሸው።
ሠላሳ አምስቱ ቤት መብራቱን አጥፍቶ
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ብቻ ያመሻል በርቶ።