ሐረጎን የወጣው ካርድ

ግራፊክስ ካርዱን ኮምቦልቻ ሞከርነው፤ ሰማንያ ስድስት ዲግሪ ገባ፣
ማራገቢያው ጮኸ፣ ፍጥነቱ ግን ባባ።
«ሙቀት ነው» አለ ይመር፤ «ካርዱንስ ማን አገኘው?
ደሴ እናውጣውና ቶሳ በብርዱ ይዳኘው።»

ከፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣ ሳንቲም ሳንቲም የለቀመው
የሁለት ዓመት ቁጠባ ነው፣ በጋቢ ጠቅልሎ የተሸከመው።
ሚኒባሱ ሐረጎን ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲያቃስት፣
እንደ ሕፃን አቀፈው፣ ጉልበቱ ላይ፣ በስስት።
ጎኑ ያለችው ሴትዮ «ማር ነው?» ብላ ጠየቀችው፤
«ሥዕል ሣይ ነው» አላት። ፊቷን ወደ መስኮት መለሰችው።

ቧንቧ ውሃ፣ እንድሪስ ቤት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት።
መስኮቱን በረገድነው፤ ጭጋጉ እንደ ቤተሰብ ገባ ያለ ፍርሃት።
ሃያ አምስት ሜጋኸርዝ ጨመረ፤ ቻለ። ሌላ ሃያ አምስት፤ ቻለ።
ስልሳ አንድ ዲግሪ። እንድሪስ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አቤት አንጀት!» አለ።
ታች ሲጮህ የዋለው ማራገቢያ እዚህ ሹክሹክታ ሆነ፤
ይመር ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈ፣ ልቡ ተማመነ።

መቶ ሰባ አምስት ላይ ግን ስክሪኑ ኩፍኝ አወጣ፣
አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ነጥብ፤ የይመር ፊትም አብሮ ነጣ።
«መልሰው» አልኩት፣ «አንድ እርምጃ። የቀረው ትርፍ ለጉራ፤
ቆጣሪ ማሯሯጥ እንጂ፣ ለዓይን የማይታይ ሥራ።»

እምቢ አለ። ጣቱን ሰደደ።
መብራት ሄደ።

ዝም። ክፍቱ ኮምፒውተር ላይ ይመር እጁን ዘረጋ፤
እኛም ዘረጋን። ይሞቃል፣ ግን አይዘልቅም እስኪነጋ።