አንድ ጥንድ ጫማ

አንተ ከባሕር አለት፣ እኔ ከመሰላል፤
(ከሁለት አወዳደቅ የትኛው ይሻላል?)
አንተን የጣለህ ማዕበል፣ ፔርሴቤ ስትለቅም ከገደሉ ወገብ፤
እኔን የጣለኝ መዝገብ፣
የሁለት ወንድማማቾች የወይን መሬት ክስ፣
አቧራውን ላራግፍ ተንጠራርቼ ስደርስ።

ኮሩኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የኅዳር ወር ዝናብ፤
ያንተ አልጋ በመስኮቱ፣ የኔ በበሩ አጠገብ።
የኔ ቀኝ ጉልበቴ፣ ያንተ ግራ ጉልበት
በብሎን ተይዞ፣ ታሽጎ በብረት፤
ጉልበት ያነሳቸው ሁለት ጉልበተኞች፣
አንድ በር ለመውጣት ተራ ጠባቂዎች።

እኔ ክኒኔን በቀለም እየለየሁ እደረድራለሁ፤
አንተ ሁሉን ባንድ ማንኪያ ሾርባ ትውጣለህ።
እኔ መስኮት ስዘጋ አንተ ትከፍታለህ፤
"ባሕሩ ምን አለ?" ብለህ ታደምጣለህ።
ባሕሩ ምንም አላለም፤ አንተ ነህ የምታወራው፤
ስለ ማዕበሉ ቁጥር፣ ስለ አጎትህ ጀልባ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ አሞራው።
እኔም ጆሮዬን በትራስ።
ሌት ግን ዝም ስትል፣ ያ ዝምታ ነው የሚያስፈራው።

አራተኛው ሌሊት ላይ ዝም አልክ። መብራት አበራሁ።
ፊትህ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።
"ከእንግዲህ አለት ላይ አልወጣም?" አልክ፤
ለኔ አይደለም፣ ለመስተዋቱ።
መልስ አልነበረኝም።
እኔ የማውቀው የመዝገብ ገጹን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን፤
ተነሣሁ፤ አሥራ አንድ እርምጃ፣ ሃያ ደቂቃ፤
ሄጄ ከፈትኩልህ መስኮቱን።

ነርሷ ኤርሜሊንዳ ጫማ ልትገዛልን ወጣች፤
የሁለታችንም ቁጥር አርባ ሦስት። ይህን ስታውቅ ሳቀች፤
"አንዳንድ እግር ላላችሁ፣ ለምን ሁለት ጥንድ?"
ብላ አመጣችልን፤ ሰማያዊ፤ አንድ።
ስሙም ነጠላ ጫማ፣ ግብሩም ነጠላ።
ቀኙ ላንተ ገባ፤ እኔን ግራ ገባኝ፤
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሸሸሁት አገኘኝ።

በኮሪደሩ ሄድን፤ ድውዮቹ መኻል፣ ጤነኞቹ በዳር፣
አንድ ሰው ሆነን ሄድን እስከ ሊፍቱ ድንበር።
እጅህ ትከሻዬ ላይ፣ ሸካራ፣ ጨው የበላው፤
ሊፍቱ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ፤ አንዳችንም አልፈለግነው።

ከዚያ የፈራሁት መዳን መጣ።
ጄሶው ተቀደደ፤ እግርህ ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ እንደ ሕፃን ወጣ።
የዳነ ሰው ሁለት ጫማ ያስፈልገዋል፤ ማን በነጠላ ይዘልቃል?
ከኔ አሥራ ሁለት ቀን ቀድመህ፣ ቀኙን በፌስታል
ይዘህ ሄድክ። ደኅና ሁን ያልከኝ በሹክሹክታ ነበር፤ ያ አንተን አይመስልም።
ግራው አልጋዬ ሥር ቀረ።
ሐኪሙ ጉልበቴን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ "ጉልበትህ ተመልሷል" አለኝ።
ምን ልበለው?
ጉልበቴ በፌስታል ተንጠልጥሎ፣ ባውቶብስ፣ ወደ ባሕር ሄዷል።

በመጋቢት፣ ሰነድ ቤት፣ መሰላሉ ላይ ነኝ።
በሩ ተበረገደ። ንፋስ ገባ። ወረቀት በረረ።
"ዝጋው!" ልል አፌን ስከፍት፣
"ኡሺዮ! ውረድ፤ ግን ቀስ በል" የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው፤
ብሬይሾ፣ አንካሳው፣ ከፌስታሉ ቀኙን እያወጣ፣
አሸዋ እንደጠገበ፣ ሳያጥበው።
እኔም የጠረጴዛዬን መሳቢያ ሳብኩ።
ግራው እዚያ ነበር፤ እንደ መዝገብ፣ ቀን ተጽፎበት።

ዛሬ ሰው ይጠይቀናል፤ "ጨውና ወረቀት፣ እናንተን ምን አገናኛችሁ?"
"ግራ ተጋብተን ነው፤ ቀኙን ያገኘነው ከተጋባን በኋላ" እላቸዋለሁ።
አንተ ጎረቤት እስኪሰማ ትስቃለህ።
አለቱን ሐኪም ከልክሎሃል፤ አንተ ግን ትወርዳለህ፤
እኔ ዳር ቆሜ፣ በሰዓት፣ ማዕበሉን እቆጥርልሃለሁ፤
ሰባተኛው ሲመጣ እጮሃለሁ፤ እኔ! መጮህ ያልለመድኩ።
ሊዘንብ ሲል ግራህና ቀኜ እኩል ይጠዘጥዛሉ።
አንተ መስኮቱን ትከፍታለህ።
እኔ ሹራብ እደርባለሁ።